የማን ርስት? የሎርድ ኤገርተን ግንብና የሠርግ ድንኳኖቹ

ከናኩሩ ከተማ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ወጣ ብሎ፣ በንጆሮ አቅጣጫ፣ በዛፎች የተከበበ አንድ ትልቅ የድንጋይ ግንብ ቆሟል። የሠርግ ወቅት ሲሆን በግንቡ ፊት በተንጣለለው መስክ ላይ ነጫጭ ድንኳኖች ይተከላሉ፤ ሙሽሮች ከነሚዜዎቻቸው በድንጋዩ ደረጃ ላይ ተሰልፈው ፎቶግራፍ ይነሣሉ። ሕንፃው የሎርድ ኤገርተን ግንብ ይባላል። የሚተዳደረው በኤገርተን ዩኒቨርሲቲ ሥር ሲሆን፣ ጎብኚዎችን ከመቀበል ሌላ ለሠርግ፣ ለስብሰባና ለሙዚቃ ዝግጅት ይከራያል።

እኔ ግንቡን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት በአስተርጓሚነት ነው። ናይሮቢ ያደገች አንዲት የአገራችን ልጅ የናኩሩ ተወላጅ የሆነ ወጣት ስታገባ፣ ከኢትዮጵያ የመጡት ዘመዶቿ ከድግሱ በፊት ቤቱን መጎብኘት ፈለጉ። አስጎብኚው በእንግሊዝኛ ያስረዳል፤ እኔ በአማርኛ እመልሳለሁ። ገና በመግቢያው ላይ፣ “ይህ የምታዩት ሁሉ የሎርድ ኤገርተን ርስት ነበር” አልኩ። ከጎጃም የመጡት የሙሽራዋ አያት ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው አስቆሙኝ።

“ልጄ፣ ርስት ካልክማ አባቱ ከአያቱ፣ አያቱም ከቅድመ አያቱ የወረሱት ነው። የዚህ ፈረንጅ አያቶች እዚህ ነበሩ?”

“የሉም፣ እማማ። እሳቸው ናቸው ከእንግሊዝ የመጡት።”

“እንግዲያ ርስት አትበለው። ከእሱ በፊት የማን ነበር?”

አስጎብኚው ስለዚህ የሚነግረኝ አልነበረውም፤ እኔም የምመልሰው አጣሁ። በትርጉም ሥራ የኖረ ሰው እንደሚያውቀው፣ አንዳንድ ቃል እንደ ቀላል ዕቃ ከአንዱ ቋንቋ ወደ ሌላው አንሥተው የሚያኖሩት አይደለም፤ የመጣበትን አገር ሕግና ሙግት አስከትሎ ይመጣል። ይህ ጽሑፍ ለእኒያ እናት ጥያቄ ዘግይቶ የደረሰ መልስ ነው። የተጠቀሱት ዓመታት፣ ተለይቶ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የግንቡ ባለቤት ማን ነበሩ?

ሞሪስ ኤገርተን በ1874 በእንግሊዝ አገር ተወለዱ። ቤተሰባቸው በቼሸር አውራጃ የሚገኘውን ታተን ፓርክ የተባለ ሰፊ ይዞታ ከ1598 ጀምሮ ከአባት ወደ ልጅ፣ ከወንድም ወደ ወንድም እየተቀባበለ የኖረ ነው። እውነቱን ለመናገር፣ ርስት የሚለው ቃላችን ለሎርዱ የሚስማማው እዚያ፣ በቼሸር ነው።

ሞሪስ ኤገርተን በወጣትነታቸው ጀብዱ ወዳድ ነበሩ። አውሮፕላን ገና ከሸራና ከእንጨት በሚሠራበት ዘመን ከራይት ወንድማማቾች ጋር ወዳጅነት መሥርተው፣ በ1910 የብሪታኒያ ሮያል ኤሮ ክለብ የሰጠውን 11ኛውን የአብራሪነት የምስክር ወረቀት ተቀብለዋል። አደን የሕይወታቸው ትልቁ ፍቅር ነበር። በ1920 አባታቸው ሲሞቱ የታተን አራተኛው ባሮን ሆኑ። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት በኬንያ፣ በንጆሮ አካባቢ እጅግ ሰፊ መሬት ይዘው፣ ጊዜያቸውን ለቼሸርና ለስምጥ ሸለቆ ከፍለው ይኖሩ ጀመር።

የግንቡ ሥራ የተጀመረው በ1938 ነው። በመካከሉ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጥቶ ሥራው ተቋረጠ፤ የተጠናቀቀው በ1954 ነበር። ሕንፃው 53 ክፍሎች አሉት። ዕብነ በረዱና የግድግዳው እንጨት ከባሕር ማዶ እንደመጣ፣ በዳንስ አዳራሹ የቆመው ትልቅ ኦርጋንም ከአውሮፓ ተጭኖ እንደገባ አስጎብኚዎች በኩራት ይናገራሉ። ሎርድ ኤገርተን በ1958 ሞቱ። አላገቡም፤ ልጅም አልነበራቸውም። የባሮንነቱ ማዕረግ ከእሳቸው ጋር አብሮ አከተመ።

የተናቀው ፍቅረኛ ተረት

ወደ ግንቡ የሄደ ሰው ሁሉ ሰምቶት የሚመለስ አንድ ታሪክ አለ። ሎርዱ ከአውሮፓ መሳፍንት ወገን የሆነች አንዲት ሴት ወደዱ ይባላል። መጀመሪያ የሠሩትን ቤት ብታያት፣ ይህማ የዶሮ ቤት ነው ብላ ናቀችባቸው። እሳቸውም እልህ ይዟቸው ግንቡን አስገነቡ። እንደገና ጋበዟት፤ አሁንም ቤቱን አይታ፣ ይህማ ቤተ መዘክር እንጂ መኖሪያ አይደለም ብላ ጥላቸው ሄደች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሴት የተባለች ሁሉ ከግቢው እንዳትደርስ ከለከሉ፤ ማስጠንቀቂያም በየዛፉ አስለጠፉ፤ የሠራተኞቻቸው ሚስቶች እንኳ በሩቁ እንዲኖሩ ታዘዘ ይላል ትረካው።

ተራኪው በተለወጠ ቁጥር ትረካውም ይለወጣል። አንዱ የዶሮ ቤት ያለውን ሌላው የውሻ ቤት ይለዋል፤ የሴትዮዋም አገር ይቀያየራል። ከዓመታቱ ጋር ስናስተያየው ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይነሣል። ሎርድ ኤገርተን የግንቡ መሠረት ሲጣል የ64 ዓመት ሰው ነበሩ፤ ሥራው ሲያልቅ 80 ሞልቷቸዋል። ፍቅር በ64 ዓመት አይዝም አልልም። ነገር ግን በሠርግ ቀን የሚተረከው፣ አንዲት ሴት ስለናቀችው ግንብ የሚገነባ ጎበዝ ወጣት በዓመታቱ መዝገብ ውስጥ የለም። ያለው ዕድሜው የገፋ፣ ከቤተሰቡ ግንድ የመጨረሻው የሆነ፣ አውሮፓ ወደ ጦርነት ስታመራ በሌላ ክፍለ ዓለም አዲስ ታተን ለማቆም የፈለገ አንድ ባላባት ነው።

ታዲያ ተረቱ ለምን እንዲህ ተወደደ? አንደኛ፣ ለሠርግ ያምራል። ሴት ያልረገጠችው ደጅ ዛሬ በሙሽራ እልልታ ሲሞላ፣ ታሪክ በራሱ ላይ የፈረደ ይመስላል። እኔም ብሆን ያን ቀን የሙሽራዋ አክስቶች በዚያ ደረጃ ላይ ሲያሸበሽቡ ሳይ ደስ ብሎኛል። ሁለተኛው ምክንያት ግን ከበድ ይላል። የልብ ስብራት ታሪክ ባለበት ቦታ የመሬት ታሪክ አይጠየቅም። ጎብኚው “ሴትዮዋ ማን ነበረች?” ብሎ ይመለሳል። “መሬቱ የማን ነበር?” ያሉት፣ እኔ በነበርኩበት ቡድን ውስጥ፣ ርስት ማለት ምን እንደሆነ የሚያውቁት እናት ብቻ ነበሩ።

መሬቱ የማን ነበር?

ናኩሩና ንጆሮ የሚገኙበት ሸለቆ የእኛው ስምጥ ሸለቆ ተከታይ ነው፤ ከዝዋይ፣ ከላንጋኖና ከአዋሳ ወደ ደቡብ የሚወርደው ስንጥቅ በቱርካና ሐይቅ በኩል አድርጎ እዚህ ይደርሳል። በ19ኛው መቶ ዓመት ሜዳው የማሳይ ከብት አርቢዎች የግጦሽ አገር ነበር። ከንጆሮ በስተ ምዕራብ ያለው የማው ደን ደግሞ በአደንና በማር ቆረጣ የሚተዳደሩት የኦጊየክ ሕዝቦች መኖሪያ ነው።

ከሞምባሳ የተነሣው የብሪታኒያ የባቡር ሐዲድ ይህን ሸለቆ አቋርጦ በ1901 ቪክቶሪያ ሐይቅ ደረሰ። ሐዲዱ ብዙ ገንዘብ ፈጅቶ ነበርና፣ ያን ወጪ የሚመልስ ጭነት የሚያመርት ገበሬ ተፈለገ። ገዥዎቹ የፈለጉት ገበሬ ግን በቦታው የነበረውን ሳይሆን ከባሕር ማዶ የሚመጣውን ነበር። በ1904 ከማሳይ መሪዎች ጋር በተደረገ ስምምነት ማሳዮች ሸለቆውን ለቀው ወደ ሁለት ክልሎች፣ አንዱ በሰሜን በላይኪፒያ፣ ሌላው ከሐዲዱ በስተ ደቡብ፣ እንዲሄዱ ተደረገ። ስምምነቱ ማሳይ የሚባል ሕዝብ እስካለ ድረስ የሚጸና መሆኑ ተጽፎበታል። የጸናው ግን ሰባት ዓመት ብቻ ነው፤ በ1911 በተፈረመ ሌላ ውል ከላይኪፒያም ተነሡ። ማሳዮች በ1913 ጉዳዩን ወደ ፍርድ ቤት ወሰዱት። ፍርድ ቤቱም ስምምነቱ በመንግሥታት መካከል እንደሚደረግ ውል የሚቆጠር ስለሆነ አላየውም ብሎ መዝገቡን ዘጋ። መሬቱ ሲወሰድ እንደ ተገዥ የታዩ ሰዎች ለአቤቱታ ሲቀርቡ እንደ ውጭ መንግሥት ተቆጠሩ።

በዚህ መካከል ንጆሮ የሰፋሪዎቹ ዋና ቦታ ሆነች። ከሶማሌ ጠረፍ ተነሥተው በእግርና በግመል ተጉዘው በ1897 የኬንያን ደጋ ያዩት ሎርድ ዴላሜር፣ በ1903 በዚሁ በንጆሮ 100 ሺህ ኤከር፣ ማለትም ከ40 ሺህ ሄክታር በላይ፣ በ99 ዓመት ኪራይ ተሰጣቸው። በ1915 የወጣው የዘውድ መሬት ሕግ ለነጭ ሰፋሪዎች የኪራዩን ዘመን ወደ 999 ዓመት አራዘመው። እንደ ኤገርተን ያሉት መኳንንት የመጡት እንዲህ ተጠርጎ በተዘጋጀ አገር ላይ ነው። በ1939 ደግሞ ደጋው ለአውሮፓውያን ብቻ የተከለለ መሆኑ በንጉሣዊ ትእዛዝ ታወጀ። ግንቡ ሲሠራ የግድግዳው ድንጋይ ተደራርቦ የሚቆመው በዚህ ሁሉ ወረቀት ላይ ነበር።

ጭሰኛና ስኳተር

እኒያ እናት ሁለተኛም ጥያቄ ነበራቸው። “ይህን ሁሉ መሬት ማን ያርስለት ነበር?”

አስጎብኚው ይህንንም አላነሣም ነበር። በእንግሊዝኛ መዛግብት ስማቸው “ስኳተር” ነው። ቃሉ በቀጥታ ሲፈታ የሰው መሬት ላይ ያለ ፈቃድ የተቀመጠ ሰው ማለት ነው። በኬንያ ደጋ ግን ስኳተሮቹ በባለ እርሻው ፈቃድ፣ እንዲያውም በባለ እርሻው ፍላጎት የገቡ ቤተሰቦች ነበሩ፤ በናኩሩ አካባቢ አብዛኞቹ ኪኩዩዎች ሲሆኑ ከካሌንጂንና ከሌሎችም ወገኖች የመጡ ነበሩባቸው። አንድ ቤተሰብ ጎጆ የሚቀልስበት፣ ትንሽ እህል የሚዘራበትና ጥቂት ከብት የሚያሰማራበት ቦታ ይሰጠዋል፤ በምትኩ ለባለ እርሻው ይሠራል። በ1918 የወጣው ሕግ ይህን ግዴታ በዓመት ቢያንስ 180 ቀን አደረገው። በ1937 የወጣው ደግሞ ሰፋሪዎች የሥራውን ቀን ከዚያም በላይ ከፍ እንዲያደርጉ፣ የስኳተሩንም ከብት እንዲቀንሱ ሥልጣን ሰጠ። ከተባረረ ለዓመታት ባቀናው መሬት ላይ አንዳች መብት አልነበረውም።

ለዚህ ሰው አማርኛ “ጭሰኛ” የሚል ቃል አለው። ጭስ ያለበት ጎጆ ነው፤ እሳት የሚነድበት፣ ሰው የሚኖርበት፣ ግን መሬቱ የሌላ የሆነ። ጭሰኛ በእኛ አገር ከምርቱ እየከፈለ፣ የጉልበት ግብርም እየተጨመረበት፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ እስኪታወጅ ድረስ ኖሯል። ሁለቱ አንድ አይደሉም። የኢትዮጵያው ጭሰኛ በአንዳንድ ቦታ ጌታውን በቋንቋ ይግባባ፣ በአንድ ቤተ ክርስቲያንም ይሳለም ነበር፤ የኬንያው ስኳተር ጌታ በቆዳ ቀለም ሕግ የተለየ ነበር። ስኳተር የሚለው ቃል ግን ሰውየውን ወራሪ፣ ባለ እርሻውን ባለቤት ያደርገዋል። ጭሰኛ የሚለው ቢያንስ ማን ለማን እንደሚሠራ አይደብቅም። ስለዚህ ከሁለት ጎዶሎ ቃላት እኔ ጭሰኛን እመርጣለሁ።

የሎርዱን የዳንስ አዳራሽ ስም የሚያውቅ ጎብኚ ብዙ ነው። የጠራቢዎቹን፣ የድንጋይ ተሸካሚዎቹንና የእርሻ ሠራተኞቹን ስም ግን በዚያ ጉብኝት የጠራልን አልነበረም። የስኳተሮቹ ብሶት እያደር ሄዶ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ማው ማው በተባለው ትግል ውስጥ ፈነዳ። በጥቅምት 1952 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ኪኩዩዎች ከስምጥ ሸለቆ እርሻዎች ተጭነው ወደ ክልላቸው ተመለሱ። ግንቡ ተጠናቀቀ የሚባልበት 1954 የዚያ አዋጅ ዘመን መካከል ነው።

ጦርነቱና የእኛ አገር ምርኮኞች

የግንቡ ሥራ የተቋረጠበት ጦርነት ከኢትዮጵያ ታሪክ ጋር የሚገናኝበት መንገድ አለው። በ1941 በምሥራቅ አፍሪካ የተማረከው የኢጣሊያ ሠራዊት አንድ ትልቅ ክፍል ወደ ኬንያ የምርኮኞች ሰፈር ተወሰደ። በአምባ አላጌ እጁን የሰጠው የኢጣሊያ እንደራሴ፣ የአኦስታው መስፍን፣ በመጋቢት 1942 በናይሮቢ ሞቶ በኬንያው ኛሪ ተቀብሯል። ከናይሮቢ ተነሥታችሁ በታችኛው መንገድ፣ በማይ ማሂዩ በኩል ወደ ናኩሩ የምትሄዱ አንባቢዎች፣ ከዳገቱ ግርጌ ያለችውን ትንሽ የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን ታውቋታላችሁ። መንገዱን የሠሩት ኢጣሊያውያን ምርኮኞች በ1942 ያነጿት ናት። እኛ ወደ ሠርጉ ስንሄድ በዚያው ጎዳና ነበር ያለፍነው። በአድዋና በማይጨው ስማቸውን የምናውቃቸው ሰዎች ልጆች ያነጠፉትን መንገድ ይዘን፣ እንግሊዛዊ ወዳሠራው ግንብ፣ ኬንያዊ ሙሽራና ኢትዮጵያዊት ሙሽሪት ልንድር ሄድን ማለት ነው።

በዚያው ዘመን የሎርዱ የእንግሊዝ ቤትም ከጦርነቱ አላመለጠም። የታተን ፓርክ ሜዳ የብሪታኒያና የተባባሪዎቿ ወታደሮች በጃንጥላ መዝለል የሚለማመዱበት ቦታ ሆነ።

እውነተኛው ውርስ

ሎርድ ኤገርተንን የተናቀ ፍቅረኛ ብቻ፣ ወይም መሬት የያዘ ሰፋሪ ብቻ አድርጎ ማቆም ግን ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። በ1939፣ ግንቡ በተጀመረ በዓመቱ፣ በንጆሮ 740 ኤከር መሬት ሰጥተው የእርሻ ትምህርት ቤት አቋቋሙ። ዓላማው ጠባብ ነበር፤ የአውሮፓውያን ልጆችን በእርሻ ሙያ ማሠልጠን። ትምህርት ቤቱ በ1950ዎቹ ወደ እርሻ ኮሌጅነት አደገ። በ1958 ሎርዱ ተጨማሪ 1,100 ኤከር ሰጡ፤ ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ኮሌጁ ከኬንያም ከሌሎች የአፍሪካ አገሮችም ለሚመጡ የየትኛውም ዘር ተማሪዎች በሩን ከፈተ። በ1986 የናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ አካል ሆነ፤ በ1987 በሕግ ራሱን የቻለ ኤገርተን ዩኒቨርሲቲ ተባለ።

እዚህ ላይ ታሪኩ ከተረቱ ይልቅ ይደንቃል። ለነጭ ልጆች ብቻ የተተከለው ትምህርት ቤት የጭሰኛውን የልጅ ልጅ የአፈር ሳይንስ ባለሙያና የእንስሳት ሐኪም አደረገ። ሴት አትድረስበት ተባለ የሚባለውንም ግንብ የሚያስተዳድረው ሴቶች በመምህርነትና በተማሪነት የሚገኙበት ያው ዩኒቨርሲቲ ነው። ሎርዱ ይህን ሁሉ አስበውት ነበር ለማለት አልደፍርም። ነገር ግን የተሰጠ ነገር ከሰጪው ሐሳብ አልፎ ሊሄድ ይችላል። የተዘጋ ግንብ ግን በራሱ አይሄድም፤ የሚከፍተው ሰው ያስፈልገዋል።

የሎርዱ የቼሸር ቤትም ዕጣው ተመሳሳይ ሆኗል። ወራሽ ስላልነበራቸው ታተን ፓርክን ለእንግሊዝ ብሔራዊ የቅርስ ማኅበር ተናዘዙለት። በዚያ ግቢ፣ በአደን የገደሏቸውን የአራዊት ራሶች የሰቀሉበት አንድ ሰፊ አዳራሽ አሠርተው ነበር፤ እሱም ለድግስና ለስብሰባ ሲከራይ ኖሯል። ስሙን ወደ አማርኛ ብንመልሰው “የጭሰኞች አዳራሽ” ይሆናል፤ የመሬቱ ተከራይ ገበሬዎች የሚጋበዙበት ማለት ነው። በእንግሊዝ የጭሰኞቹ ስም በአዳራሽ ላይ ተጽፏል። በንጆሮ ግን በሰማሁት ትረካ ውስጥ እንኳ አልነበረም።

ድንኳኑ ሲነሣ

የኤገርተን ግንብ በምሥራቅ አፍሪካ ብቸኛው አይደለም። በናይሮቢ ዳርቻ የነበረው የካረን ብሊክስን የቡና እርሻ በ1931 ተሽጦ ተሸነሸነ፤ ቤቱ ከ1986 ጀምሮ ቤተ መዘክር ነው፤ በመስኩ ላይም ሠርግ ይደገሳል። ያረጀ የእርሻ ቤት ጣሪያው እንዳይፈስ ገንዘብ ይፈልጋል፤ የሠርግ ኪራይ ደግሞ ገንዘብ ያስገኛል። ይህን የሚነቅፍ ሰው፣ ባዶ ሆኖ የፈረሰ ቤት ታሪክን እንዴት እንደሚያስተምር ሊነግረን ይገባል። የሠርጉ ድንኳን ግንቡን አቁሞታል፤ ይህ መታወቅ አለበት።

ነገር ግን የመሬት ጥያቄ እንደ ድንኳን ተተክሎ የሚነሣ አይደለም። ኬንያ በታኅሣሥ 1963 ነጻ ስትወጣ አንድ ሚሊዮን ኤከር ያህል የሰፋሪ መሬት ለአፍሪካውያን በሚተላለፍበት ዕቅድ ላይ ነበረች። አዲሶቹ ባለ መሬቶች የአባቶቻቸውን አገር በብድር ገዝተው ዕዳውን ለዓመታት ከፈሉ። በ2007 መጨረሻ ከተደረገው ምርጫ በኋላ በተነሣው ግጭት ከ1,100 በላይ ሰዎች ሲሞቱ፣ ናኩሩና የንጆሮ አካባቢ ክፉኛ ከተጎዱት መካከል ነበሩ። ምርጫ ክብሪቱ ቢሆንም፣ የተከማቸው ጭድ በአብዛኛው የመሬት ቂም ነበር። በ2010 የጸደቀው ሕገ መንግሥት ዜጋ ላልሆነ ሰው ከ99 ዓመት በላይ መሬት መያዝን ሲከለክል፣ ያ የ999 ዓመት ኪራይ ለውጭ ዜጋ አከተመ። በ2017 ደግሞ የአፍሪካ የሰብዓዊና የሕዝቦች መብቶች ፍርድ ቤት ኦጊየኮች ከማው ደን መፈናቀላቸው መብታቸውን የጣሰ መሆኑን ፈረደ። ከግንቡ ብዙም በማይርቅ ደን ውስጥ “ከእሱ በፊት የማን ነበር?” የሚለው ጥያቄ በሕይወት እንዳለ ከዚህ በላይ ምስክር አያስፈልግም።

በዚያ ሠርግ ቀን ምሳው ተበልቶ፣ ኬኩ ተቆርሶ፣ ሙሽሮቹ እየተዘፈነላቸው ሲወጡ፣ አያት “ጎጆ ይውጡ” ብለው መረቁ። ለኬንያውያኑ አማቾች ምርቃቱን መተርጎም ነበረብኝ። “የራሳቸው ቤት ይኑራቸው” ብዬ አጠር አደረግሁት። በኋላ ሳስበው ግን በዚያ መስክ ላይ ከዚያ የተሻለ ምርቃት አልነበረም። ሃምሳ ሦስት ክፍል ያለው ግንብ አንድ ቀን እንኳ የቤተሰብ ጎጆ አልሆነም፤ በዙሪያው የነበሩት የጭሰኛ ጎጆዎች ደግሞ ቤተሰብ እያለባቸው የባለቤቶቻቸው አልነበሩም።

ከዚያ ወዲህ ሌሎች እንግዶችን ይዤ ወደ ግንቡ ሄጃለሁ። አሁን በመግቢያው ላይ ርስት አልልም። “ይህ ማሳዮች ከብት ያሰማሩበት፣ በኋላ ከእነሱ ተወስዶ ለሎርድ ኤገርተን የተላለፈ፣ ጭሰኞች ያረሱት መሬት ነው” እላለሁ። አስጎብኚው በአንድ ቃል የሚጨርሰውን እኔ በአንድ ዓረፍተ ነገር ስለምመልሰው፣ ገና ሳልጨርስ ወደሚቀጥለው ክፍል ይገባል። እንግዶቹን ትንሽ አስቆማቸዋለሁ፤ ከዚያ ተከትለነው እንገባለን።